በውጭ አገር ሆቴል ማረፍ፦ ከአልጋው ይልቅ አየሩ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2003 ዕድሜያቸው 64 ዓመት የሆነ አንድ ሐኪም ከደቡብ ቻይና ጓንግዶንግ ግዛት ተነሥተው ለዘመድ ሠርግ ሆንግ ኮንግ ገቡ። ያረፉት ኮውሉን በተባለው የከተማዋ ክፍል፣ ሜትሮፖል በሚባል ሆቴል ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሆቴሉ እጅግ ውድም ተራም ያልሆነ፣ ነጋዴና አገር ጎብኚ የሚያዘወትረው መካከለኛ የከተማ ማረፊያ ነበር። ሐኪሙ ከጉዞው ቀናት አስቀድሞ ሕመም ጀምሯቸዋል፤ ሕመሙ ግን ከመንገድ አላስቀራቸውም። በሆቴሉ ያሳለፉት አንድ ሌሊት ብቻ ነው። በማግስቱ ስለ ጠናባቸው ሆስፒታል ገቡ፤ ከዚያም ሳይወጡ በማርች ወር መጀመሪያ ሕይወታቸው አለፈ።

በዚያ ፎቅ ከነበሩት እንግዶችና ጠያቂዎች መካከል ከ10 በላይ የሚሆኑት፣ በኋላ ሳርስ ተብሎ በተሰየመው በሽታ ተያዙ። አንዲት አረጋዊት በሽታውን ይዘው ወደ ካናዳዋ ቶሮንቶ ተመለሱ፤ አንድ ነጋዴ ወደ ቬትናም ርእሰ ከተማ ሐኖይ በረረ፤ ሌሎች ወደ ሲንጋፖር ሄዱ። በሐኖይ ነጋዴውን መርምረው ለዓለም ጤና ድርጅት የማስጠንቀቂያ ድምፅ ያሰሙት ጣሊያናዊው ዶክተር ካርሎ ኡርባኒ ራሳቸው በበሽታው ተይዘው በማርች 29 ቀን አረፉ። ወረርሽኙ በዚያው ዓመት በጁላይ ወር በቁጥጥር ሥር እስኪውል ድረስ 8,098 ሰዎች ታመው 774 ሰዎች ሞተዋል። ከቻይና ዋና ምድር ውጭ የታመሙት የብዙዎቹ ሰንሰለት ወደ ኋላ ቢመዘዝ መድረሻው ያ አንድ ፎቅ ነው።

መርማሪዎች በሐኪሙና በተያዙት እንግዶች መካከል ይህ ነው የሚባል የቅርብ ግንኙነት አላገኙም። ከሳምንታት በኋላ ናሙና ሲወሰድ የቫይረሱ የዘረ መል ርዝራዥ የተገኘው ሐኪሙ በተኙበት ክፍል ውስጥ ሳይሆን፣ ከበሩ ውጭ ባለው የመተላለፊያ ምንጣፍና በአሳንሰሩ አካባቢ ነበር። እንግዶቹን ያገናኛቸው አብረው የረገጡት ወለልና አብረው የተነፈሱት አየር ሆኖ ተገኘ።

ዛሬ ከኢትዮጵያ ለንግድ ወደ ጓንጁ ወይም ወደ ዱባይ፣ ለሕክምና ወደ ባንኮክ፣ ለሥልጠናና ለስብሰባ ወደ ልዩ ልዩ ከተሞች የሚጓዝ ሰው በአብዛኛው የሚያርፈው እንዲህ ባለው መካከለኛ ሆቴል ነው። ወረርሽኝ ባለበት ወቅት ይህ ተጓዥ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ስለ አንሶላው ንጽሕና ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በመተንፈሻ አካላት ለሚተላለፍ በሽታ ግን ሁለተኛ ጥያቄ እንጂ የመጀመሪያ አይደለም።

የክፍሉ አየር

በሆቴል በር ላይ የሚሰቀሉት ኮከቦች ስለ አልጋው ስፋትና ስለ አገልግሎቱ ብዛት ይናገራሉ እንጂ ክፍሉ ምን ያህል ንጹሕ አየር እንደሚያገኝ አይገልጹም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ሕዝብ በሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ውስጥ ለአንድ ሰው በሰከንድ ቢያንስ 10 ሊትር ንጹሕ አየር እንዲገባ መክሯል። ተጓዡ ይህን የሚለካበት መሣሪያ ላይኖረው ይችላል፤ አየሩ ከየት እንደሚመጣ መለየት ግን አያዳግተውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በግድግዳ ላይ በሚሰቀለው፣ በተለምዶ ኤሲ በሚባለው አየር ማቀዝቀዣ ነው። ቀዝቃዛ ነፋስ ስለሚረጭ ከውጭ አዲስ አየር የሚያስገባ ይመስላል። አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት መሣሪያዎች ግን የሚያደርጉት በክፍሉ ውስጥ ያለውን አየር ስቦ፣ አቀዝቅዞ፣ መልሶ መንፋት ብቻ ነው። በክፍሉ ውስጥ የታመመ ሰው ካለ፣ ከእርሱ የወጣው ረቂቅ ብናኝ እየቀዘቀዘ ይዞራል እንጂ አይወጣም።

ስለዚህ ክፍል ሲያዝ የሚቀርበው ዋና ጥያቄ «የሚከፈት መስኮት አለው ወይ?» የሚል ነው። ከመጓዝ በፊት በስልክ ወይም በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል፤ ብዙ ሆቴሎችም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያስተናግዳሉ። በረጃጅም ሕንፃዎች ለደኅንነት ሲባል መስኮቱ በጥቂት ጣቶች ስፋት ብቻ እንዲከፈት ሊደረግ ይችላል፤ ይህም ቢሆን ጨርሶ ከተዘጋው እጅግ ይሻላል። እንግዳው ክፍሉ ውስጥ እንደ ገባ ሻንጣውን ከመፍታቱ በፊት መስኮቱን ከፍቶ ቢያንስ ለሩብ ሰዓት ቢያናፍስ፣ ቀድሞት የወጣው ሰው የተወው አየር አብሮ ይወጣል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙቀት በበጋ ቀን መስኮት ማስከፈት አያስመኝም፤ እዚያ ማለዳና ምሽት ይመረጣል። በአውሮፓ ክረምት ደግሞ መስኮቱን ለጥቂት ደቂቃ በሰፊው ከፍቶ መዝጋት፣ ሌሊቱን ሙሉ በጠባቡ ከፍቶ ከመንቀጥቀጥ ይሻላል።

የመታጠቢያ ክፍሉ አየር መሳቢያ ማራገቢያም ሊታሰብበት ይገባል። ማራገቢያው አየር ሲያስወጣ በምትኩ ሌላ አየር ከአንድ ቦታ መግባቱ የግድ ነው። የክፍሉ መስኮት ክፍት ከሆነ የሚገባው የውጭ አየር ነው። መስኮቱ ዝግ ከሆነ ግን በበሩ ሥር ካለው ክፍተት የመተላለፊያው አየር ይሳባል። የጎረቤቱ ሲጋራ ወይም ወጥ ክፍሉ ድረስ የሚሸተው እንግዳ የጎረቤቱን ትንፋሽም እየተጋራ ሊሆን እንደሚችል ሊያስብና ሌላ ክፍል ሊጠይቅ ይገባዋል።

በአገራችን ቤት ሲታፈን በር ከፍቶ ማናፈስ የተለመደ ነው። በሆቴል ግን በሩ የሚከፈተው ወደ ውጭ ሳይሆን ሁሉም ወደሚያልፍበት ዝግ መተላለፊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ከተማ ለለይቶ ማቆያ በተመደበ አንድ ሆቴል ውስጥ የሆነው ይህን ያሳያል። በጎን ለጎን ክፍሎች የነበሩ እንግዶች እርስ በርስ ሳይገናኙ፣ አንዱ ከሌላው ክፍል ኮቪድ-19 ተይዞ ተገኘ። የደኅንነት ካሜራው ምስል ሲመረመር፣ በ12ኛው ቀን ለምርመራ ናሙና ሲወሰድ የበሽተኛው በር ተዘግቶ የጎረቤቱ በር እስኪከፈት ያለፈው ጊዜ 50 ሰከንድ ብቻ ነበር። በመተላለፊያው ውስጥ አየር ስለማይንቀሳቀስ ከመጀመሪያው ክፍል የወጣው ብናኝ እዚያው ተንሳፍፎ ቆይቶ ነበር። ከዚህ በመነሣት እንግዳው በሩ ሲንኳኳ ጭምብሉን አድርጎ ቢከፍት፣ ምግብ ሲያዝም ሳሕኑ በር ላይ እንዲቀመጥለት ጠይቆ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ቢያነሣ ይመረጣል።

አሳንሰሩና የቁርስ አዳራሹ

አሳንሰር በሆቴሉ ውስጥ ካሉት ቦታዎች ሁሉ የጠበበው ነው፤ ደግነቱ ቆይታው አጭር ነው። ጭምብል አድርጎ፣ ሳይነጋገሩ መውጣትና መውረድ፣ ሰው ከበዛም ቀጣዩን መጠበቅ ይበቃል። ጉልበቱ የሚፈቅድለት ሰው ከመጀመሪያው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ፎቅ እንዲሰጠው ቢጠይቅ በደረጃ መጠቀም ይችላል። ሆኖም አንዳንድ ሕንፃዎች የአደጋ ጊዜ ደረጃቸው ከውስጥ ሲገቡበት ከኋላ የሚቆለፍ ስለሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የቁርስ አዳራሹ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል፤ እዚያ ሰው ሁሉ ጭምብሉን አውልቆ፣ እያወራ፣ ለግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይቀመጣልና። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 በጓንጁ ከተማ መስኮት በሌለው አንድ ምግብ ቤት ውስጥ፣ ከዉሃን የመጣ ቤተሰብ ምሳ በልቶ ነበር። በጎንና በጎን ባሉ ጠረጴዛዎች ከነበሩ ሁለት ቤተሰቦች ጋር በድምሩ 10 ሰዎች ታመው ተገኙ። ሦስቱን ጠረጴዛዎች ያያያዛቸው የአንዱ አየር ማቀዝቀዣ ነፋስ መንገድ ነበር፤ ከዚያ ነፋስ ውጭ የተቀመጡት ተመጋቢዎችና አስተናጋጆቹ አልተያዙም። የቡፌ ማንኪያ ሁሉም ስለሚነካው ብዙዎች ይፈሩታል፤ ለእርሱ መድኃኒቱ ከመብላት በፊት እጅ መታጠብ ነው። የነፋሱ መንገድ ግን በእጅ መታጠብ አይቆምም። አዳራሹ እንደተከፈተ ማልዶ መውረድ፣ ከክፍት መስኮት ወይም ከበረንዳ አጠገብ መቀመጥ፣ ሰው ሲበዛ ቁርሱን ይዞ ወደ ክፍል መመለስ ይቻላል። ይህን የሚከለክል ሆቴል ጥቂት ነው።

ሻንጣቸውን በአልኮል የሚያጥቡ፣ የበር እጀታ በክርናቸው ብቻ የሚከፍቱ ተጓዦች አሉ። በኮቪድ-19 ዓመታት እንደታየው፣ ለዚህ ዓይነቱ በሽታ ከዕቃ ወደ እጅ የሚተላለፈው ክፍል ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። እጅን በሳሙና ለ20 ሰከንድ መታጠብ ወይም ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ባለው ማጽጃ ማሸት በቂ ነው። በረኪናን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር ቀላቅሎ ክፍል ውስጥ መርጨት ግን ራሱ የሚመርዝ ጋዝ ስለሚፈጥር ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

በወረርሽኝ ጊዜ ለወራት ተዘግቶ የተከፈተ ሆቴል ሌላ ሥጋትም አለው፤ እርሱም የቆመ ውኃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ፊላዴልፊያ ከተማ በአንድ ሆቴል የተሰበሰቡ የቀድሞ ወታደሮችና በአካባቢው የነበሩ ሰዎች በከባድ የሳንባ ምች ታመው 34ቱ ሞቱ። ምክንያቱ ሌጂዮኔላ የተባለ፣ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ የሚራባ ባክቴሪያ መሆኑ ታወቀ። ባክቴሪያው የሚገባው ውኃ በመጠጣት ሳይሆን የውኃውን ተን መሰል ብናኝ በመተንፈስ ነው። አዲስ እንግዳ የሻወሩን ሙቅና ቀዝቃዛ ውኃ ከፍቶ፣ ከመታጠቢያው ወጥቶ ለጥቂት ደቂቃ ቢያፈስሰው የቆመው ውኃ ይወጣል። ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ ለሆነ፣ ለሚያጨሱና የሳንባ ሕመም ላለባቸው ይህ በተለይ ይጠቅማል።

አብሮ ማደርና ጠያቂ

ለሸቀጥ ግዢ የሚጓዙ ነጋዴዎች ወጪ ለመቆጠብ ሁለትና ሦስት ሆነው አንድ ክፍል መያዛቸው የታወቀ ነው። ካፒታሉን በዶላር ቆጥሮ ለያዘ ሰው «ለየብቻ ክፍል ይያዝ» ማለት ቀላል ምክር፣ ከባድ ወጪ ነው። ለጋራ ክፍል የሚሠራው ምክር ሌላ ነው፦ መስኮት የሚከፈትበትን ክፍል ማስቀደም፣ አልጋዎቹን ማራራቅ፣ አንዱ ሲያስለው ወይም ሲያተኩሰው በዚያው ቀን ሌላ ክፍል እንደሚያዝና ወጪውም በጋራ እንደሚሸፈን ከአገር ሳይወጡ መስማማት ነው። ስምምነቱ አስቀድሞ ከተደረገ የታመመው ሰው ሸክም እንዳይሆን ሲል ሕመሙን አይሸሽግም።

ሌላው የእኛ ልማድ ጠያቂ ነው። ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት ከተማ ያረፈ እንግዳ ዘመድና የአገር ልጅ ሊያየው ይመጣል፤ ከታመመ ደግሞ ይበልጥ ይመጣል። በሆንግ ኮንጉ ታሪክ በሽታውን ከሆቴሉ ይዘው ከወጡት አንዱ እንግዳ አልነበረም፤ በዘጠነኛው ፎቅ ያረፈ ወዳጁን ሊጠይቅ የሄደ የከተማዋ ወጣት ነበር። እርሱ ከተኛበት ሆስፒታል ውስጥ ከ100 በላይ ሰዎች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ የጤና ባለሙያዎችና የሕክምና ተማሪዎች፣ ተይዘዋል። እንግዳን ከሆቴል ክፍል ይልቅ በመናፈሻ ወይም በረንዳ ባለው ሻይ ቤት ማግኘት፣ የታመመውንም በስልክ እየጠየቁ ምግቡን በር ላይ ማድረስ ከወግ መጉደል አይቆጠርም።

የሆቴሉን ሠራተኞችም መርሳት አይገባም። ክፍል የምታጸዳው ሴት በቀን ውስጥ ብዙ ክፍሎች ትገባለች፤ ማታ ወደ ልጆቿ ትመለሳለች። እ.ኤ.አ. በ2020 አጋማሽ በአውስትራሊያ ሜልበርን ከተማ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ያዳረሰው የኮቪድ-19 ሁለተኛ ማዕበል የተነሣው፣ ለለይቶ ማቆያ በተመደቡ ሆቴሎች ከሚሠሩ ሰዎች ወደ ቤተሰቦቻቸው በተላለፈ በሽታ መሆኑ በምርመራ ተረጋግጧል። ጽዳት በሚካሄድበት ጊዜ መስኮቱን ከፍቶ ከክፍሉ መውጣት፣ የታመመ እንግዳም ጽዳቱን ማስቀረትና ቆሻሻውን አስሮ ማስቀመጥ ይኖርበታል።

በመመለሻው ዋዜማ የሚመጣ ትኩሳት

ጉዳዩ ከሁሉ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ተጓዡ ሥራውን ጨርሷል፤ ገንዘቡ አልቋል፤ ሻንጣው ታስሯል፤ በረራው ነገ ጠዋት ነው። ማታ ላይ ሰውነቱ ይተኩሳል፤ ጉሮሮው ይከረክረዋል። ትኩሳቱን ከተናገረ ሊቀር ነው፤ መቅረት ማለት የሦስትና የአራት ሌሊት ሆቴል፣ የቲኬት ቅጣት፣ ምናልባትም በማያውቀው ቋንቋ ሐኪም ቤት መግባት ነው። ፓራሲታሞል ውጦ አውሮፕላን ጣቢያ መሄድ በዚህ ሰዓት እጅግ ቀላሉ መንገድ ሆኖ ይታያል።

በአውሮፕላን ጣቢያ የሚተከለው የሙቀት መለኪያ ካሜራ የሚያየው የቆዳ ሙቀትን ብቻ ነው። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ለጥቂት ሰዓታት ያወርዳል፤ ስለዚህ ማለፍ ይቻል ይሆናል። መድኃኒቱ ግን ቫይረሱን አይነካም፤ ከተጓዡ የሚወጣው ትንፋሽ ከመዋጡ በፊት እንደነበረው በሽታ አስተላላፊ ነው። አጠገቡ የሚቀመጠው የማያውቀው ሰው ነው፤ ቤት ስትጠብቀው ያለችው እናቱ ግን የማያውቃት አይደለችም። ለራሱም ቢሆን ሕመሙ የሚጠናው በብዙ ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሐኪም በማይገኝበት ቦታ ሊሆን ይችላል።

ይህን ውሳኔ የሚያቀለው በዚያች ማታ የሚሰጥ ምክር ሳይሆን ከጉዞው በፊት የሚደረግ ዝግጅት ነው። ከገንዘቡ ላይ የአራት ወይም የአምስት ሌሊት ማረፊያ ለይቶ አለመንካት፣ ቀኑን መለወጥ የሚፈቅድ ቲኬት መምረጥ፣ ሕክምናን የሚሸፍን የጉዞ መድን ዋስትና መግዛትና ውሉ ወረርሽኝን ያገለለ አለመሆኑን ማንበብ ያስፈልጋል። የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የአስም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለተጨማሪ ሁለት ሳምንት የሚበቃውን በእጅ ሻንጣው ይያዝ። የሙቀት መለኪያ፣ በርከት ያሉ ጭምብሎች፣ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ስልክ ቁጥርና የሆቴሉ አድራሻ በአገሩ ቋንቋ የተጻፈበት ካርድ አብረው ይያዛሉ። የየአገሩ የመግቢያና የለይቶ ማቆያ ደንብ በወረርሽኝ ጊዜ በቀናት ውስጥ ሊለወጥ ስለሚችል ከመነሣት በፊትም ከመመለስ በፊትም መጠየቅ ይገባል።

የሰውነቱ ሙቀት 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ የሆነ እንግዳ ወደ እንግዳ መቀበያው አይወርድም፤ በክፍሉ ስልክ ይደውላል። የሚነግራቸው አጭር ነው፦ እንዳመመው፣ ከክፍሉ እንደማይወጣ፣ ሐኪም ወይም ምርመራ እንደሚፈልግ፣ ምግቡ በር ላይ እንዲቀመጥለት። ቀጥሎ አየር መንገዱንና የመድን ድርጅቱን ያሳውቃል። መስኮቱን ይከፍታል፤ ፈሳሽ ደጋግሞ ይወስዳል፤ ያርፋል። ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን አጥብቆ ከያዘው፣ ግራ መጋባት ወይም ከእንቅልፍ አለመንቃት ከታየበት፣ ከንፈሩ ወይም የጥፍሩ ሥር ወደ ሰማያዊነት ከተለወጠ፣ ይህ የሆቴል ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል፤ አምቡላንስ ይጠራል። ብቻውን ያረፈ ሰው በቀን ሁለት ጊዜ የሚደውልለት አንድ ሰው ቢኖረው፣ ስልኩን ባያነሣ ለሆቴሉ የሚያሳውቅለት አለ ማለት ነው።

ወደ አገር ከተመለሱ በኋላም የሆቴሉን ደረሰኝ አለመጣል ይጠቅማል። የታረፈበት ቀን፣ የፎቁና የክፍሉ ቁጥር የበሽታን መንገድ ለሚከታተሉ ባለሙያዎች ዋና መነሻ ነው። ከሆንግ ኮንግ ወደ ቶሮንቶ የተመለሱት አረጋዊት በቤታቸው ሲሞቱ ምክንያቱ የልብ ሕመም ተብሎ ተመዘገበ። ልጃቸው ታሞ ሆስፒታል ሲገባም ሕመሙን ከዚያ ፎቅ ጋር ያገናኘ አልነበረም፤ በሽታው በሆስፒታሉ ውስጥ የተሠራጨው ያኔ ነው። ከጉዞ መልስ ባሉት 14 ቀናት ትኩሳት፣ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር የሚሰማው ሰው ወደ ጤና ተቋም ከመሄዱ በፊት በነጻ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 ይደውላል። ሳይጠየቅም የትኛው አገር፣ የትኛው ከተማና የትኛው ሆቴል እንዳረፈ ይናገራል።